ከሐዲድ ወደ ብስክሌት መንገድ፦ የኮምቦልቻው መስመርስ ይሆናል?

ኮምቦልቻ ውስጥ ስለ ባቡሩ የማያነሣ የለም። ሐዲዱ ተነጥፏል፣ ድልድዩ ቆሟል፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶው ተተክሏል፤ መደበኛ አገልግሎት ግን እስካሁን አልጀመረም። በዚህ መሃል ፈረንጆች በአሮጌ የባቡር መስመር ላይ ብስክሌት እየነዱ ድልድይ ሲሻገሩ፣ ዋሻ ሲያቋርጡ የሚያሳይ ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ያየው ሰው ሁሉ "የእኛስ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ለምን እንደዚህ አይሆንም?" ይላል።

ጥያቄው ከቁጭት የመጣ ነውና በወጉ መመለስ አለበት። ለመመለስ ግን መጀመሪያ ሁለት ነገር መለየት ያሻል፦ ዘመኑን ጨርሶ የተተወ ሐዲድ አለ፣ ሥራውን ገና ያልጀመረ ሐዲድም አለ። ቪዲዮው ላይ የምናየው የመጀመሪያውን ነው። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ምን ዓይነት መንገድ ነው?

ባቡር መሄድ ያቆመበት መስመር ነው። ሐዲዱና ከሐዲዱ ሥር የሚነጠፉት አግዳሚ እንጨቶች ተነሥተው፣ ባቡሩ ይሄድበት የነበረው ንጣፍ ላይ ደቃቅ ጠጠር ወይም አስፋልት ተደልድሎ ለእግረኛና ለብስክሌት ይከፈታል። መኪና አይገባበትም። ድልድዩ፣ ዋሻው፣ አንዳንዴም የጣቢያው ሕንፃ እንዳለ ይቆያል።

ነገሩ የተጀመረው ሐዲድ በበዛበት አገር ነው። የአሜሪካ የባቡር መስመር በ1916 ከ400,000 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ የጭነት መኪናና የቤት መኪና እየበዛ ሲሄድ ገበያ ያጡ መስመሮች አንድ በአንድ ተዘጉ። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ በ1963 የወጣ አንድ የመንግሥት ሪፖርት ከ2,300 በላይ ጣቢያዎች እንዲዘጉ ሐሳብ አቀረበ፤ አብዛኞቹም ተዘጉ። ሐዲዱ ብረት ስለሆነ ተነቅሎ ይሸጣል። የሚቀረው በእርሻና በጫካ መሃል የሚያልፍ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ የማይቆራረጥ መሬት ነው። በዚህ መሬት ላይ በብስክሌት መሄድ ይቻላል ብለው መጀመሪያ በሥራ ካሳዩት አንዱ በዊስኮንሲን ግዛት ከኤልሮይ እስከ ስፓርታ ያለው 51 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። የተከፈተው በ1967 ሲሆን የዘርፉ ፈር ቀዳጅ ተደርጎ ይቆጠራል።

ባቡር የሄደበት መሬት ለብስክሌት ለምን ይመቻል?

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ቆም ብለን እንየው።

ባቡር ኃይለኛ ይመስለናል እንጂ ዳገት ላይ ደካማ ነው። እግሩ ብረት ነው፣ የሚረግጠውም ብረት ነው፤ ብረት በብረት ላይ ብዙም አይቆነጥጥም። ሜዳ ላይ ይኸው ነገር ይጠቅመዋል፣ በትንሽ ነዳጅ ብዙ ሺህ ኩንታል ይጎትታል። ዳገት ሲመጣ ግን እግሩ ይንሸራተታል። ስለዚህ የባቡር መሐንዲስ በተቻለው መጠን ከ2 በመቶ በላይ ዳገት አይሠራም፤ ማለትም 100 ሜትር ወደፊት ሲሄድ ከፍታው ከ2 ሜትር በላይ አይጨምርም። ለመኪና መንገድ 7 ወይም 8 በመቶ ዳገት ብርቅ አይደለም።

በወሎ ተዳፋት ላይ የመስኖ ቦይ ሲመራ ያየ ሰው የባቡሩን መሐንዲስ ሥራ ቶሎ ይረዳዋል። ገበሬው ከወንዝ የጠለፈውን ውኃ ወደ ማሳው በአቋራጭ አይለቀውም። የኮረብታውን ወገብ ይዞ፣ ሸለቆው ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ አብሮ እየገባ፣ ጋራው ወደ ውጭ ወጣ ሲል አብሮ እየዞረ፣ ከፍታውን በጥቂት በጥቂቱ ብቻ ዝቅ እያደረገ ይመራዋል። ባቡርም የሚመራው እንደዚህ ነው። ወገብ ይዞ መሄድ የማይቻልበት ቦታ ሲደርስ ጉብታው ይቆረጣል፣ ጎድጓዳው በአፈር ይሞላል፣ ሸለቆው በድልድይ ይታለፋል፣ ጋራው በዋሻ ይበሳል።

ይህን በእኛው አገር መንገድ ላይ እናስላው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። በመካከላቸው ያለው የከፍታ ልዩነት ከ600 ሜትር ይበልጣል። መኪናው ሐረጎ የሚባለውን ዳገት እየተጠማዘዘ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ይጨርሰዋል፤ የመንገዱ አንዳንድ ቦታ ለጥ ያለ ስለሆነ ዳገቱ ሲመጣ ይከብዳል። ባቡር በ2 በመቶ ይውጣ ቢባል ለ600 ሜትር ብቻ አንድም ሜዳ ሳይገባበት 30 ኪሎ ሜትር ሙሉ ያለማቋረጥ መውጣት ይኖርበታል። ሁለቱ ከተሞች ግን ቀጥታ ቢለካ ከ15 ኪሎ ሜትር አይራራቁም። እንግዲህ የቀረውን ርዝመት ጋራ ለጋራ እየዞረ ሊያመጣው ነው ማለት ነው። የባቡር መስመር ዙሪያ ጥምጥም የሚበዛበትና ገንዘብ የሚበላው ስለዚህ ነው።

ብስክሌት ነጂው ደግሞ ይህን ሁሉ ድካም በነፃ ይወርሳል። ሰውየው ከነብስክሌቱ 90 ኪሎ ይመዝናል እንበል። በ2 በመቶ ዳገት 100 ሜትር ሲሄድ ይህን 90 ኪሎ ወደ ላይ የሚያነሣው 2 ሜትር ብቻ ነው። በ8 በመቶ ዳገት ግን 8 ሜትር ያነሣዋል፤ አራት እጥፍ ሥራ ነው። የመጀመሪያውን የ60 ዓመት ሰው እያወራ ይወጣዋል። ሁለተኛውን ጉልበተኛ ወጣትም ማርሹን ጨርሶ ቀንሶ፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ ነው። በእነዚህ መንገዶች ላይ ልጆች፣ አዛውንቶችና በእጅ የሚዘወር ብስክሌት የሚጠቀሙ አካል ጉዳተኞች በብዛት የሚታዩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሌላም ስጦታ አለ። ባቡር በጠባብ ኩርባ መታጠፍ ስለማይችል መታጠፊያዎቹ ሰፋፊ ናቸው። ከፊት የሚመጣው ከሩቅ ይታያል። ባቡር ወንዝ ተከትሎ መሄድ ስለሚወድም ዓይን የሚሞላ ሸለቆና ገደል አብሮ ይገኛል። ማንም ለውበት ብሎ አልሠራውም፤ ወንዙ ራሱ ቀድሞ ቀላሉን ዳገት ፈልጎ ስላገኘው ነው።

ሐዲዱ ከተነሣ በኋላስ ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው ሐዲዱ ተነቅሎ በማግስቱ ብስክሌት የሚነዳበት ይመስለዋል። አይሆንም። ከሐዲዱ ሥር ያለው ጠጠር ትልልቅና ሹል ነው፤ የተመረጠውም ውኃ እንዲያሳልፍና እርስ በርሱ ተቆላልፎ ባቡሩን እንዲሸከም ነው። ብስክሌት እዚያ ላይ ይዋልላል፣ ጎማም ይበሳል። ስለዚህ ወይ ይነሣል፣ ወይ ደቃቅ ድንጋይ ከላዩ ተነጥፎ፣ ውኃ ተረጭቶ በሮለር ይዳመጣል። በሚዙሪ ግዛት ያለው የኬቲ መንገድ ለ386 ኪሎ ሜትር ያህል የተነጠፈው በተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። አግዳሚ እንጨቶቹም እንዳይበሰብሱ በመርዛማ ኬሚካል የተነከሩ ስለሆኑ ለማገዶም ለአጥርም አይሆኑም፤ ተለቅመው ለብቻቸው ይወገዳሉ።

ድልድዩ ባቡር የተሸከመ ነውና ለብስክሌት አይጨነቅም። ችግሩ ወለል የለውም። በእንጨቶቹ መካከል ወደ ታች ወንዙ ይታያል፤ በጎንና በጎኑም መደገፊያ የለም። ሳንቃ ይነጠፋል፣ እስከ ደረት የሚደርስ አጥር ይታሰራል። ከመንገዱ ሥር የሚያልፉት የውኃ ቱቦዎች ደግሞ ከሁሉ በላይ ክትትል ይፈልጋሉ። አንዱ በደለል ከተደፈነ በአንድ ክረምት ከመንገዱ ሥር የተሞላውን አፈር፣ ማለትም ሙሌቱን፣ በሙሉ ጎርፍ ይዞት ይሄዳል፤ የቦርከናን ወንዝ ክረምት ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ትልቁ አደጋ ያለው መንገዱ የመኪና መንገድ በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ነው። ሰዓታት ሙሉ መኪና ሳያይ የመጣ ሰው ይዘናጋል። እዚያ ቦታ ላይ ምልክትና መኪና የማያስገባ አጭር ምሰሶ ይተከላል።

ዋሻው ውስጥ ምን ያጋጥማል?

በኤልሮይ ስፓርታው መንገድ ላይ ሦስት ዋሻዎች አሉ። ትልቁ 1,161 ሜትር ይረዝማል፤ በ19ኛው መቶ ዘመን በእጅ ቁፋሮና በፈንጂ ለመጨረስ ሦስት ዓመት ፈጅቷል። መብራት የለውም። መሃል ላይ ሲደርሱ የመግቢያውም የመውጫውም ብርሃን ትንሽ ነጥብ ይሆናል፤ ከጣሪያው ውኃ ይንጠባጠባል፣ በጋ ላይ እንኳ ሹራብ ያስለብሳል። ከብስክሌት ወርዶ ባትሪ ይዞ በእግር ማለፍ ግዴታ ነው።

የዋሻዎቹ አፍ ላይ ግዙፍ የእንጨት በሮች አሉ። ሰሜን አሜሪካ ክረምቱ በረዶ ነው፤ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውኃ ሲረጋና ሲቀልጥ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። በባቡሩ ዘመን ብርዱ እንዳይገባ በሩ ተዘግቶ ይውል ነበር፤ ባቡር በመጣ ቁጥር አንድ ዘበኛ ይከፍታል፣ ካለፈ በኋላ መልሶ ይዘጋል። ያ ሰው እዚያው በአቅራቢያው በምትገኝ ጎጆ እየኖረ ነበር ይህን የሚሠራው። ዛሬም በሮቹ ክረምት ሲመጣ ይዘጋሉ፤ መንገዱም በዚያ በኩል አይታለፍም።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተመላለሰ ሰው ሁሉ ጣርማ በር ላይ በዋሻ አልፏል። እዚያ ግን መኪና ውስጥ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። በአይዳሆና በሞንታና ድንበር ላይ ባለው የሃያዋታ መንገድ የሚገኘው ዋሻ 2.7 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ያለ ራስ መብራት መግባት ክልክል ነው። እዚያ ብዙዎች ቁልቁለቱን ብቻ ነድተው ሲጨርሱ በአውቶቡስ ተጭነው ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ። ዳገት ለማይወድ ሰው ጥሩ ዘዴ ነው።

ባቡር አንድም ቀን ያልሄደበት መንገድ አለ?

አለ፣ ደቡብ ስፔን ውስጥ። ለእኛ ከሁሉም ይልቅ የሚቀርበው ታሪክ ይህ ነው።

በአንዳሉሲያ ተራሮች ውስጥ በ1920ዎቹ አንድ የባቡር መስመር ተጀመረ። ዋሻው ተበሳ፣ ድልድዩ ቆመ፣ ጣቢያዎቹ ተሠሩ። ከዚያ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ፣ በ1936 ደግሞ የእርስ በርስ ጦርነቱ ፈነዳ፤ መስመሩ ሳያልቅ ቀረ። ባቡር የማያውቁት ጣቢያዎች ለአሥርተ ዓመታት ፀሐይና ነፋስ ሲፈራረቅባቸው ቆዩ።

ስፔን በ1993 አሮጌ መስመሮችን ወደ "አረንጓዴ መንገድ" የመቀየር ፕሮግራም ጀመረች፤ ዛሬ እነዚህ መንገዶች ተደምረው ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነዋል። ያ ያልተጠናቀቀ መስመርም ከነዚህ አንዱ ሆነ። ከኦልቬራ እስከ ፑዌርቶ ሴራኖ 36 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚህች አጭር ርቀት ውስጥ 30 ዋሻዎችና 4 ረጃጅም ድልድዮች አሉ። ከዋሻ ወጥቶ ወደ ዋሻ መግባት ነው፤ በመካከል የወይራ ተክል፣ ወንዝና ዛፍራማጎን የሚባል ቀጥ ያለ የድንጋይ ቋጥኝ ይታያል። በቋጥኙ ላይ የጥንብ አንሳዎች ትልቅ መንጋ ይኖራል፤ ብስክሌቱን አቁሞ ቀና ያለ ሰው ሲያንዣብቡ ያያቸዋል። ተሳፋሪ አስተናግደው የማያውቁት ጣቢያዎች ዛሬ ምግብ ቤትና ማደሪያ ሆነዋል፤ አንዱ ስለ ጥንብ አንሳዎቹ የሚያስረዳ ማዕከል ነው።

እንግዲህ "ያልተሠራበት ሐዲድ የብስክሌት መንገድ ሊሆን ይችላል?" ለሚለው መልሱ ይችላል ነው። ግን ስፔኖቹ እዚያ የደረሱት ሥራው ከቆመ ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ባቡሩ እንደማይመጣ ቁርጡ ታውቆ ነው። ይህችን ነገር ቪዲዮው አያሳያትም።

መንደሮቹስ ምን ያገኛሉ?

ብስክሌት ነጂ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ይመሽበታል። መኪና በአንድ ሰዓት ጥሎት የሚያልፈውን መንደር እሱ ያድርበታል።

ኒውዚላንድ ውስጥ የኦታጎ ማዕከላዊ መስመር በ1990 ሲዘጋ በመንገዱ ላይ የነበሩት ትንንሽ ከተሞች ጨርሰው ሊጠፉ ነው ተብሎ ተፈርቶ ነበር። የአገሪቱ የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መሬቱን ገዝቶ፣ ድልድዮቹን ወለል አልብሶ፣ በ2000 ከሚድልማርች እስከ ክላይድ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ከፈተው። ሰዎች ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይፈጅባቸዋል። የድሮ ፖስታ ቤትና ባንክ ማደሪያ ሆነ፣ ብስክሌት የሚያከራይ፣ ሻንጣ ከመንደር መንደር በመኪና የሚያደርስ፣ ምሳ የሚያበስል ሰው ሥራ አገኘ። መጀመሪያ ላይ መሬታቸው ከመንገዱ የሚዋሰን ገበሬዎች ነገሩን አልወደዱትም ነበር፤ በሮች ክፍት ይቀራሉ፣ በጎች ይበረግጋሉ፣ እንግዳ ሰው በደጃችን ያልፋል የሚል ስጋት ነበራቸው። ስጋታቸው ተገቢ ነበር፤ ለዚህም ነው በየአጥሩ የከብት መከልከያ በር የተሠራው።

ይህ ሁሉ በራሱ አይመጣም። የማደሪያና የምግብ ልማድ ያለበት፣ ሰው በሰላም የሚያልፍበት፣ ጎማው የተበሳበት መንገደኛ ጠጋኝ የሚያገኝበት መንገድ ነው የሚያተርፈው። በየማረፊያው ሻይ የምታፈላ ሴት ከሌለች መንገዱ ቆንጆ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

መሬቱ የማን ይሆናል?

ይህ ጥያቄ ከጠጠሩም ከድልድዩም በላይ ብዙ መስመሮችን አስቀርቷል። የባቡር መሬት ዋጋው ባለመቆራረጡ ነው። መሃል ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ቤት ቢሠራበት ወይም ቢታረስ ከዚህም ከዚያም ያለው ዋጋ ያጣል። አንዴ ከተቆራረጠ ደግሞ መልሶ ለመግዛት አይቻልም ማለት ይቀላል።

አሜሪካኖች በ1983 ለዚህ ሕግ አወጡ። የባቡር ድርጅት መስመሩን ሊተው ሲል፣ አንድ ከተማ ወይም ማኅበር "እኔ እጠብቀዋለሁ" ብሎ ቢረከበው፣ መስመሩ በሕግ እንደተተወ አይቆጠርም። ለጊዜው የብስክሌት መንገድ ሆኖ ያገለግላል፤ ወደፊት ባቡር ቢፈለግ መሬቱ ሳይበተን ይጠብቃል። የኬቲ መንገድ የተገኘው በዚህ ሕግ ነው። በርካታ የመሬት ባለቤቶች ግን "ለባቡር ብለን እንጂ ለብስክሌት አልሰጠንም" ብለው ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1990 ሕጉ ይጸናል፣ ባለመሬቶች ግን ካሣ መጠየቅ ይችላሉ አለ። በ2014 ደግሞ ከዚህ ሕግ ውጭ በነበረ ሌላ ክርክር ለባለመሬቱ ፈረደ።

እኛ ጋ መሬት የግል አይደለም። በ1995 በሥራ ላይ በዋለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው የመጠቀም መብት አለው፣ ለሕዝብ ጥቅም ሲነሣ ካሣ ይከፈለዋል። ስለዚህ እንደ አሜሪካ ያለ ክርክር አይነሣም። የሚነሣው ሌላ ነው፦ ለባቡር ተብሎ ከእርሻው የተነሣ ሰው መሬቱ ለመዝናኛ ሲውል ቢያይ ምን ይላል? ይህን ሳይመልሱ ብስክሌት ማሰብ ልክ አይመስለኝም።

የኮምቦልቻው ሐዲድ ከየትኛው ወገን ነው?

ከሚጠበቀው ወገን ነው፣ ከተተወው አይደለም። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሉ የተፈረመው በ2012 ሲሆን ሥራው በ2015 ተጀመረ። ተቋራጩ ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ ነው፤ ዋጋው ወደ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፣ የሐዲዱ ስፋት 1.435 ሜትር ነው፣ አዋሽ ላይ ከአዲስ አበባ ጅቡቲው አዲስ መስመር ጋር ይገናኛል። በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ የፕሮጀክቱ ንብረትም ተዘርፏል፣ ተጎድቷል።

መስመሩ የተሠራው በዋናነት ለጭነት ነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አላት፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና የቢራ ፋብሪካ አላት። ዛሬ ሁሉም ዕቃ በከባድ መኪና ይጓጓዛል። አንድ ሙሉ የጭነት ባቡር በርካታ ደርዘን ተሳቢ መኪና የሚጭነውን ይወስዳል። ይህን ሐዲድ ነቅሎ ብስክሌት መንዳት ማለት ቤቱ ሊገባበት ሲል መሠረቱን ማፍረስ ነው። እኔ በበኩሌ ባቡሩ ይሂድ ባይ ነኝ።

ግን መሃል ያለ መንገድ አለ። ባቡር በሚሄድበት መስመር ጎን፣ በአጥር ተለይቶ የብስክሌት መንገድ መሥራት። ከፒትስበርግ እስከ ከምበርላንድ በሚወስደው 240 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ፣ ከከምበርላንድ እስከ ፍሮስትበርግ ባለው ክፍል ብስክሌቱና የጎብኚዎች ባቡር ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ብራሽ የሚባለውን አንድ ዋሻም ይጋራሉ። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡና ከሚሴ በሚወስደው ቆላ ሸለቆ፣ መሬቱ ለጥ ባለበት፣ እንዲህ ያለ መንገድ ከባቡሩ ጋር አብሮ ቢታሰብ ለሰርቶ አደሩም ለተማሪውም ይጠቅማል፤ ለጎብኚ ብቻ መሆን የለበትም። ዛሬ በዚያ አስፋልት ላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ከተሳቢው ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው።

አሮጌው የጅቡቲ መስመርስ?

በኢትዮጵያ ውስጥ የእውነት የቀድሞ ሐዲድ የሚባለው እሱ ነው። ሥራው በ1897 ተጀምሮ፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። በ2016 አዲሱ መስመር ተመርቆ ሲተካው አሮጌው በአብዛኛው ዳዋ ለበሰ። የአዋሽ ሸለቆና ድልድይ፣ የድሮዎቹ ጣቢያዎች፣ ጠባብ ሙሌቱ፣ ሁሉም ለብስክሌት መንገድ የሚመች ጠባይ አላቸው። ሙቀቱ ግን ከባድ ነው፣ ውኃ በየርቀቱ ያስፈልጋል፣ ሙሌቱም በብዙ ቦታ በጎርፍ ተበልቷል። የብስክሌት መንገድ ስለመሥራት መነጋገር ከተፈለገ መጀመር ያለበት ከዚያ ነው።

እስከዚያው ሄጄ ብነዳበትስ?

ይህን የሚጠይቁት በብዛት ልጆች ናቸው፤ ስለዚህ ወላጅም ያንብበው። በኮምቦልቻው ሐዲድ ላይ ብስክሌት አይነዳም።

ከላይ የተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት እንዲሸከም የተሠራ ነው። ባቡር ስለማይሄድ ኤሌክትሪክ የለውም ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ለሙከራ ወይም ለጥገና መቼ እንደሚለቀቅ መንገደኛ አያውቅም። በዚህ መጠን ያለ ኃይል ደግሞ ሽቦውን መንካት ሳያስፈልግ፣ ረጅም እንጨት ወይም እርጥብ ገመድ ሲጠጋው እንኳ ሊዘል ይችላል። ድልድዮቹ ለእግረኛ አልተሠሩም። የጥገና መኪና በሐዲዱ ላይ ሲመጣ ድምፁ እንደ ድሮው ባቡር ከሩቅ አይሰማም። ጠጠሩን እየቆፈሩ ለግንባታ መውሰድም ሐዲዱን ያዛባል፤ ኋላ ባቡሩ ሲመጣ ፍጥነቱን ለመቀነስ ይገደዳል።

ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ መሬቱ ለጥ ያለ ነው፤ ልጅ ለማለማመድ ጠዋት ከባድ መኪና ሳይበዛ ውስጥ ውስጡን መንዳት ይበቃል። ወደ ደሴ ሐረጎን መውጣት የፈለገ ጎበዝ ደግሞ ከመነሣቱ በፊት ፍሬኑን ያሳይ፤ መውጣቱ ያደክማል እንጂ አይጎዳም፣ ሲወርድ ግን ፍሬን ያለማቋረጥ ከተያዘ ጎማው የሚገጠምበት ብረት ይግልና ካላማዳሪው ሊፈነዳ ይችላል። በየመታጠፊያው ቆም እያሉ ማቀዝቀዝ፣ በግራም በቀኝም ፍሬን እያፈራረቁ መያዝ፣ ከተሳቢ መኪና ኋላ ተጠግቶ አለመውረድ።